ውሃ ጠይቆ የገባው ሻጭ

ባለፈው ወር እዚሁ ዓምድ ላይ፣ ቤቴ ድረስ መጥቶ ብርድ ልብስ ስለሸጠልኝ ልጅ ሁለት መስመር ጽፌ ነበር። ለቀልድ ነው የጻፍኩት። ደብዳቤው ግን ጎረፈ፤ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከወልዲያ፣ ከቆቦ። ለካ የተበላሁት እኔ ብቻ አይደለሁም!

ላላነበባችሁ ባጭሩ ልድገመው። ክረምት ነው። ደሴ በክረምት እንዴት እንደምትሆን ታውቃላችሁ፤ ጦሳ ጉሙን ተከናንቦ ሲያድር ጠዋት ጋቢ ሳይደርብ የሚወጣ የለም። ቡናዬን አፍልቼ አቦሉን ልቀዳ ስል በሩ ተንኳኳ። ዝናብ የመታው ልጅ ነው፤ ጀርባው ላይ ትልቅ ማዳበሪያ ተሸክሟል። «እማ፣ የሚጠጣ ውሃ ካለ» አለኝ። ዝናብ እየወረደበት ውሃ የሚለምን ሰው! ያኔ ግን ነገሩ አልታየኝም። ግባ፣ ተቀመጥ አልኩት። አቦሉን ጠጣ። በቶናው መሃል ስለ እናቱ ሕመም አወራኝ። ግድግዳዬን ቃኘት ቃኘት አድርጎ የማርያምን ሥዕል ሲያይ «እመብርሃንን! ትርፍ የለውም» እያለ ይምል ጀመር። በኋላ ስሰማ ጎረቤቴ ቤት ገብቶ መስገጃ ሲያይ መሐላው «ወላሂ» ነበር። በረካው ሲደርስ እኔ 3,500 ብር ከፍዬ «የቱርክ» ብርድ ልብስ ታቅፌያለሁ። መጀመሪያ ባጠብኩት ቀን ጠጉሩ ሳፋው ውስጥ ቀረ። ገመድ ላይ ሳሰጣው በውስጡ የጎረቤቴ ዶሮዎች ይታያሉ።

ደብዳቤዎቹን አንድ ላይ ሳነባቸው አንድ ነገር ደጋግሞ ታየኝ። ሰው ሲሸወድ «ስግብግብ ስለሆነ ነው» እንላለን። እኔ እንጃ። ከጻፉልኝ ውስጥ ትርፍ ፈልጎ የገባበት ጥቂት ነው። አብዛኛው «ቤቴ ድረስ መጥቶ እንዴት ባዶ እጁን ልመልሰው» ብሎ ነው። እኛ ጋ እንግዳ መመለስ ነውር ነው። ሻጩም ይሄን ከኛ በላይ ያውቃል። ይሉኝታችን ላይ ደግሞ አንዲት ቃል ይጨምርበታል፤ «ዛሬ ብቻ» የምትል። እስቲ እሷን እያሰባችሁ አንብቡ። ስም አላወጣሁም፣ አንዳንዱንም አሳጥሬዋለሁ።

ጥያቄ፦ «እህቴ እንዴት ነሽ። ሁለት ልጆች መኪና አቁመው በሬን አንኳኩ። ጥሩ ለብሰዋል፣ አንገታቸው ላይ ባጅ አንጠልጥለዋል። ከጅቡቲ በባቲ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ዕቃ ነው፣ ትርፍ መጣብን፣ የነዳጅ ብር ቸግሮን ነው አሉኝ። 12 ፍሬ የጀርመን ድስት። ሱቅ 25,000 ነው፣ ለእርስዎ 9,000 አሉ። ማግኔት አውጥተው ድስቱ ላይ ለጥፈው አሳዩኝ። ወዲያው አንዲት ሴትዮ መጥታ ‹ለኔም አንድ!› ስትል ያልቅብኛል ብዬ ከፈልኩ። በሳምንቱ ወጥ ሳወርድ እጀታው እጄ ላይ ቀረ። ሰኞ ገበያ ስሄድ ያው ድስት በሲሶው ዋጋ ተደርድሯል። ባሌ እስካሁን አላወቀም። ምን ላድርግ?» (ሸዋበር፣ ደሴ)

መልስ፦ አብሽሪ እታለም። መጀመሪያ ዛሬ ማታ ባልሽን ንገሪው። ቀልዴን አይደለም። እነዚህ ሰዎች አንድ ከተማ ውስጥ ሳምንት ሙሉ የሚሠሩት የተሸወደው ሁሉ አፍሮ ዝም ስለሚል ነው። አንቺ በነጋታው ቡና ላይ ብትናገሪ ኖሮ ከታች ያለችው ጎረቤትሽ ትተርፍ ነበር። (እኔም ብርድ ልብሴን ሦስት ሳምንት ደብቄዋለሁ፣ ስለዚህ አልፈርድብሽም።)

አሁን ነገሩን ፈታ አድርገን እንየው። 25,000 የሚባል ዋጋ የለም። እሱ የተጠራው 9,000ው ትንሽ እንዲመስልሽ ነው። ልጆቹ ከ9,000 ቢጀምሩ ኖሮ አንቺ «4,000 ውሰዱ» ብለሽ ክርክሩን ትጀምሪ ነበር፤ ገበያ መከራከር አስተማሪ አያስፈልግሽም። 25,000 ሲባል ግን ክርክሩን ራሳቸው ጀምረው ራሳቸው ጨረሱልሽ። ሴትዮዋስ? ታውቂያታለሽ? የሰፈርሽ ሰው ናት? እንዲህ ያለች ሴት ብዙ ጊዜ አብራቸው የመጣች፣ ጥግ ላይ ወርዳ ተራዋን የምትጠብቅ ናት። ቆሎ ስንገዛ እንኳ «ቆይ ልቅመሰው» የምንል ሰዎች፣ ሌላው ሲሻማ ካየን መቅመሱን እንረሳዋለን።

ማግኔቱ ደግሞ ያስቀኛል። ጥሩ የሚባለውን ስቴንለስ፣ 18/10 የሚጻፍበትን፣ ማግኔት አይስበውም፤ ቢስበውም ለስሙ ያህል ነው። በኢንዳክሽን ምድጃ፣ ማለትም ድስቱን በማግኔት ኃይል በሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ እንዲሠራ የተሠራው ድስት ደግሞ ቂጡ ላይ ማግኔት የሚስብ ብረት ይደረግበታል። ርካሹንም ብረት ማግኔት ይስበዋል። ስለዚህ ማግኔቱ ተለጠፈም አልተለጠፈ ስለ ድስቱ ጥራት ምንም አልነገረሽም። የዓይን ማባበያ ነው። ከማግኔቱ ይልቅ ድስቱን አንስቶ ክብደቱን መገመት፣ እጀታውን ያዝ አድርጎ ማወዛወዝ፣ ክዳኑ ገጥሞ መቀመጡን ማየት ይሻላል።

ምን ላድርግ ላልሽው፣ የመኪናውን ታርጋ ያየ ልጅ ሰፈር ውስጥ አይጠፋም፤ ጠይቂ። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ሄደሽ ቃልሽን ስጪ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 ሰውን በውሸት አታሎ ጥቅም ማግኘት ወንጀል ነው፤ እንደ ክብደቱ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያደርስ ይችላል። ብርሽ ይመለሳል ብዬ ግን አልዋሽሽም። እጅ በእጅ ከከፈልሽ ከባድ ነው። በባንክ ወይም በቴሌብር ከላክሽ ብሩ የገባበት ሰው ይታወቃል፤ መልእክቱን ከስልክሽ እንዳታጠፊው።

ጥያቄ፦ «የቀን ሠራተኛ ነኝ የሚል ልጅ በጨርቅ የተጠቀለለ አምባር ይዞ መጣ። መሠረት ሲቆፍሩ አገኘሁት ይላል። ወርቅ ቤት ብወስደው ከየት አመጣህ ይሉኛል ብሎ ፈርቷል። ማግኔት አስጠግቶ አለመሳቡን አሳየኝ። 30,000 ብሎ ነበር፣ ወደ 20,000 ወረደ። ነገ ጠዋት እመለሳለሁ ብሏል። የጡረታ ገንዘቤ አለች። ወርቅ ቢሆንስ?» (ኮምቦልቻ)

መልስ፦ አባቴ፣ ይሄን ደብዳቤ አስቀድሜ በስልክ ነው የመለስኩልዎት፤ ነገ እየተባለ የመጽሔት መውጫ አይጠበቅም። እዚህ የማወጣው ለሌላው ነው።

ማግኔት ወርቅን አይስብም፣ ይሄ እውነት ነው። ነሐስንም አይስብም። መዳብንም አይስብም። ልጁ በሙከራው ያሳየዎት አምባሩ ብረት አለመሆኑን ብቻ ነው፤ ብረት ነው ያለ ደግሞ የለም! የሚለየው ክብደቱ ነው። በየጎኗ አንድ ሴንቲሜትር የሆነች የወርቅ ቁራጭ 19 ግራም አልፋ ትመዝናለች። ያው መጠን ነሐስ 8 ወይም 9 ግራም ነው። ከግማሽ በታች ማለት ነው። ወርቅ ሠሪ ዕቃውን አንዴ በአየር፣ አንዴ ውሃ ውስጥ አድርጎ መዝኖ ይሄን ልዩነት ያወጣዋል። ከላይ ብቻ የተነከረ ከሆነም ጠርዙን ፋቅ አድርጎ ያየዋል። ለዚህ ነው ልጁ ወርቅ ቤት መሄድ የፈራው፤ ፖሊስ ፈርቶ አይመስለኝም።

«ልጄ፣ ና አብረን ወርቅ ቤት እንሂድ፣ ታክሲውን እኔ እከፍላለሁ» ይበሉት። ሌላ ምንም አይጨምሩ። የሚመጣ ከሆነ እኔ ልቀጣ። ደግሞ እውነት ወርቅ ቢሆንስ? ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ወርቅ ነው። የተሰረቀ ዕቃ እያወቁ መግዛት ራሱ ያሳስራል። በሁለቱም በኩል ገደል ነው።

እና እንዳያፍሩ። በ2000 ዓ.ም. የብሔራዊ ባንካችን ወደ ደቡብ አፍሪካ የላከው ወርቅ ውስጥ፣ ወርቅ የተቀባ ብረት ተገኝቶ ተመልሷል። ባንክን የሸወደ ነገር አንድ ጡረተኛን ቢያጓጓ ምን ይደንቃል?

ጥያቄ፦ «አያቴ ሐይቅ አቅራቢያ ገጠር ነው የምትኖረው። ፊደል አልቆጠረችም። ሁለት ሰዎች ሶላር ይዘው መጥተው ‹በዱቤ ነው፣ ቀስ ብለው ይከፍላሉ› ብለው ወረቀት ላይ በጣቷ አስፈረሟት። ቅድሚያ 2,000 ብር ወሰዱ። መብራቱ ሦስት ሌሊት በርቶ ጠፋ። አሁን ‹ውል አለብዎት፣ 14,000 ይክፈሉ፣ አለዚያ በሬዎን እንወስዳለን› እያሉ ይደውላሉ። እንቅልፍ አጥታለች።»

መልስ፦ ይሄን ደብዳቤ ሳነብ ደሜ ፈላ። አንቺ ልጅ፣ አሁኑኑ ለአያትሽ ደውዪና «በሬውን ማንም አይነካውም» በያት። የሰውን ከብት በስልክ አስፈራርቶ መውሰድ የሚባል ነገር የለም። ዕዳ አለ የሚል ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ፍርድ ቤት ከሄዱ ደግሞ ችግሩ የእነሱ ነው።

ለምን መሰለሽ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1728 ማንበብና መጻፍ የማይችልን ሰው ወይም ዓይነ ስውርን ፊርማና የጣት አሻራ ለብቻው አይቀበለውም። አዋዋይ ወይም መዝጋቢ ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ካላረጋገጠው በቀር ሰውየውን አያስገድደውም። አያትሽ ጣቷን ቀለም የነከረችው ምድጃዋ አጠገብ ተቀምጣ ነው። የትኛው ዳኛ ነበር እዚያ? ይሄን ሕግ ብዙ ሰው አያውቀውም። ባላገሩ ጣቱን ካሳረፈ በኋላ ያለቀለት ይመስለዋል፤ አስፈራሪዎቹም የሚኖሩት በዚህ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ የማይሠራ ዕቃ ይሠራል ብሎ አሳምኖ የተገባ ውል በተንኮል ምክንያት ሊፈርስ ይችላል፤ አንቀጽ 1704ን ተመልከቺ።

ስለዚህ ሲደውሉ አትጨቃጨቁ። «ክሰሱን» ብቻ በሏቸው። የደወሉበትን ቁጥርና ሰዓት ጻፉ። የውሉ ቅጂ ካለ ፎቶ አንሺው፤ ቅጂ ካልሰጧትም ያ ራሱ አንድ ነገር ይናገራል። ቀበሌውንና የወረዳውን ንግድ ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። በወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤትም ነገሩን የሚያስረዳችሁ ሰው ታገኛላችሁ።

ሦስት ሌሊት በርቶ መጥፋቱን ልብ አልሽ? ባትሪው ተሞልቶ ነው የመጣው። ሦስቱን ሌሊት ያበራው የመጣበት ጉልበት ነው፤ ፓነሉ ከፀሐይ ምንም ሳይጨምርለት አልቀረም። ሶላር የምትገዙ ሁሉ፣ መብራቱን እስኪጠፋ አብሩት፣ ከዚያ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ አውሉት፣ ማታ እንደገና ከበራ ያኔ ስለ ዋጋ ተነጋገሩ። «ጊዜ የለኝም» ካለ ጊዜ የሌለው ዕቃው ነው።

ጥያቄ፦ «የመብራት ሰው ነኝ፣ የዚህ ሰፈር ቆጣሪ ሊቀየር ነው ብሎ መታወቂያ አሳየኝ። ቆጣሪዬን ከፍቶ አየና ዛሬ 1,800 ካልከፈልኩ መስመሩ እንደሚቆረጥ ነገረኝ። ብሩን በቴሌብር ወደ ስልኩ ላክሁ። ከዚያ ‹ስልክዎ ላይ የሚመጣውን ቁጥር ይንገሩኝ፣ ለምዝገባ ነው› አለ። እዚህ ላይ ልቤ ፈራና ዝም አልኩ። ልክ ነኝ?» (ደሴ)

መልስ፦ ልክ ነሽ፤ ያ ፍርሃትሽ ቀሪ ብርሽን አትርፎልሻል። ያ ቁጥር የሂሳብሽ ቁልፍ ነው። ምስጢር ቁጥርሽን፣ በመልእክት የሚመጣልሽን ኮድ፣ ለባንክ ሠራተኛም ለማንም አትናገሪም። አሁን ቶሎ ብለሽ ለቴሌብር በ127 ደውዪ፣ የሆነውን ንገሪ፣ ምስጢር ቁጥርሽንም ቀይሪ። የንግድ ባንክ ደንበኛ የሆነ ሰው ደግሞ 951 ይደውል።

የመብራት ነገር ከሆነ 905 አለ። ሰውየውን ከበር ውጭ አቁመሽ፣ አንቺ ከውስጥ ሆነሽ ደውዪ። እሱ በሰጠሽ ቁጥር አይደለም፤ «አለቃዬን አናግሪው» ብሎ የሚሰጥሽ ቁጥር የጓደኛው ነው። ባጁን እርሺው። ባጅ ማንኛውም ፎቶ ኮፒ ቤት ያትመዋል፣ ያውም ከነማንጠልጠያው። አንድ ነገር ብቻ እይ፤ ብሩ የሚገባው በማን ስም ነው? የመሥሪያ ቤት ክፍያ በአንድ ሰው የግል ስልክ ውስጥ አይገባም።

ጥያቄ፦ «እናቴ ስኳር አለባት። ነጭ ጋውን የለበሱ ሴቶች ቤት ለቤት ነፃ ምርመራ ነው ብለው መጡ። አንድ ብረት ነገር አስጨበጧትና ኮምፒውተሩ ስኳር፣ ኩላሊት፣ ጉበት፣ ነርቭ ብሎ 20 በሽታ አወጣ። ዱቄት መድኃኒት በ4,000 ሸጡላት፤ መርፌውን ተዪው አሏት። ሦስት ሰው ካመጣሽ ብርሽ ይመለሳል ብለው እሷ አሁን ጎረቤቶቿን ልትመዘግብ ነው!» (ወልዲያ)

መልስ፦ መርፌውን እንዳትተው! ሌላውን ሁሉ ቆይተሽ አንብቢ። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በድንገት ካቆመ በቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ዛሬ ካቆመች ዛሬ ሐኪም ጋ ውሰጃት።

ስኳር የሚታወቀው በደም ነው። ጣት ተወግቶ አንዲት ጠብታ ደም ካልወጣች በቀር፣ ብረት በመጨበጥ ስኳርም ጉበትም አይነበብም። ያ ማሽን ለሁሉም ሰው ብዙ በሽታ ያወጣል፤ ደግሞ እድሜሽንና ክብደትሽን ጠይቀው አስቀድመው አስገብተውለታል። እናትሽ ራሷ «ስኳር አለብኝ» ብላ ሳትነግራቸው አትቀርም። ነግራቸው ሲያበቃ ኮምፒውተሩ መልሶ ነገራት፣ ተደነቀች።

ቤት ለቤት የሚመጣ የጤና ሰው የለም ማለቴ አይደለም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን፤ በስም የምናውቃቸው፣ ልጆቻችንን ያስከተቡልን። እነሱ ሲመጡ ግን ይመክራሉ፣ ይመዘግባሉ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ። ዱቄት አይሸጡም። ለይተሽ ማወቅ ከፈለግሽ የቀበሌሽን ጤና ኬላ «ሰው ልካችኋል?» ብለሽ ጠይቂ። ያን ዱቄት ደግሞ ከነዕቃው አስቀምጪና ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ደውዪ፤ ነፃ ነው።

«ሦስት ሰው አምጪ» የሚለው የነገሩ ሁሉ ቁንጮ ነው። ሰው ባመጣሽ ቁጥር ብር ታገኛለሽ የሚል ሽያጭ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው። ለእናትሽ አዋጅ አታንብቢላት፤ አትሰማሽም። እንዲህ በያት፤ «እማዬ፣ እነ እትዬን አስገብተሽ ብራቸው ቢቀልጥ ነገ በየትኛው ዓይንሽ ታያቸዋለሽ?» ይሉኝታዋ ከተታለለችበት ይልቅ ለዚህ ይዋል።

ጥያቄ፦ «በጦርነቱ ቤታቸው ለፈረሰ ድጋፍ መጥቷል፣ መመዝገቢያ 300 ብር ብለው ቤት ለቤት እየዞሩ ነው። ልክፈል?» (ቆቦ)

መልስ፦ አትክፈል። ሊሰጥህ የመጣ ሰው አስቀድሞ አይቀበልህም። እውነት ድጋፍ ካለ ቀበሌው ያውቀዋል፣ ማስታወቂያም ይለጠፋል። መታወቂያህን ፎቶ እንዲያነሱ አትፍቀድ። 300 ብር ትንሽ ትመስላለች፤ እነሱ የሚቆጥሩት ግን ቤቱን ነው፣ ስንት በር እንዳንኳኩ አስበው። በ2014 ያን ሁሉ ያየ ሰው ላይ እንዲህ ለሚሠራ የምለው አጣሁ።

ጥያቄ፦ «እናቴ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ሻጭ ሲመጣ እምቢ ማለት አትችልም። ቤቱ በላስቲክ ሳህንና በማይሠራ ፋኖስ ሞልቷል። ስቆጣት ‹ምን ላድርግ፣ ልጁ ደክሞት ነበር› ትላለች።» (ሆጤ፣ ደሴ)

መልስ፦ አትቆጪያት። ልንገርሽ፣ እናትሽ ሳህን አይደለም የገዛችው። ሳህኑ የወሬው ዋጋ ነው። ያ ልጅ ተቀምጦ ግማሽ ሰዓት አዳምጧታል፣ «እማማ» ብሏታል፣ ጉልበቷን እንዴት እንዳደረጋት ጠይቋታል። አንቺ መጨረሻ መቼ ነበር የሄድሽው? (ተቆጣሁ መሰለኝ። የኔም ልጆች አዲስ አበባ ናቸው።)

እንደኛ እናቶች ላለ ሰው «እምቢ በዪ» ማለት ዋጋ የለውም። አይወጣቸውም። ከአፏ የሚወጣ ሌላ ቃል ስጫት። «ልጄ ሳታይ አልገዛም ብዬ ምያለሁ።» በቃ። እምቢታው ያንቺ ሆነ፣ እሷ ደግሞ ጨዋ እንደሆነች ቀረች። መሐላ ስላለበት ሻጩም መጫን ይከብደዋል። ሁለተኛ፣ ውሃም ይሁን ቡና ስጪ፣ ግን በረንዳ ላይ በያት። ዱካ አውጥታ እዚያ ታስቀምጠው። ሰው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ዕቃውን ምንጣፍ ላይ ከዘረገፈው በኋላ «ሰብስብና ውጣ» ማለት ለማንም ከባድ ነው፤ በረንዳ ላይ ግን ነገሩ በአንድ እግሩ እንደቆመ ነው። ሦስተኛ፣ ብሩን ከቤት ቀንሺላት። መቀነቷ ውስጥ 200 ብር ብቻ ካለች የሚሸጥላትም የ200 ብር ብቻ ነው።

ልዋጭ ባይዋንና ቆራሌውን ግን አትከልክያት። አሮጌ ሸሚዝ ሰጥታ ኩባያ ብትቀበል ማን ሞተ?

ጥያቄ፦ «እኔ ደግሞ ሻጭ ነኝ። ከባቲ ነው የመጣሁት። መጥረጊያ፣ ስፖንጅ፣ የልብስ መስቀያ፣ የልጆች ካልሲ ተሸክሜ ደሴን ስዞር እውላለሁ። ያንቺን ጽሑፍ አንብበው ነው መሰለኝ ከባለፈው ወር ወዲህ ሰው በሩን ፊቴ ላይ ይዘጋል። አንዷማ ውሻ ለቀቀችብኝ። እኛስ ምን እንብላ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይቅርታህን እጠይቃለሁ። እውነትህን ነው። ያ ብርድ ልብስ ሻጭ የሠራው እኔን ብቻ አይደለም፣ አንተንም ነው።

እስቲ እንዲህ አድርግ። በሩን አንኳኩተህ ሁለት እርምጃ ወደኋላ በል፤ ሴት ብቻዋን ያለችበት ቤት ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ውሃ አትጠይቅ፣ ቢጠማህም ከሱቅ ጠጣ። (እዚህ ከተማ አሁን ውሃ ጠያቂ ሁሉ ይጠረጠራል፤ ጥፋቱ የኔ ነው።) ዋጋህን ካርቶን ላይ በትልቁ ጽፈህ አንጠልጥል። ሱቅ ዋጋውን ለጥፎ እንዲያሳይ ሕጉ ያዛል፤ አንተ ማዳበሪያ ላይ ለጥፈህ ብትዞር ሰው ምን ያህል እንደሚያምንህ ታየዋለህ። ለምትሸጠው ሁሉ ቁራጭ ወረቀት ላይ ስምህን፣ ስልክህንና ቀኑን ጻፍ። ፈቃድ ካለህ ቅጂውን ያዝ፣ ቲን ቁጥርህንም ጨምርበት።

ከሁሉ በላይ ግን ቀን ይኑርህ። ሆጤ ማክሰኞ፣ ሸዋበር ሐሙስ ብለህ ያንኑ ቀን ተመላለስ። «ዛሬ ካልገዙ ግድ የለም፣ በሚቀጥለው ማክሰኞ አለሁ» በል። ይሄን አረፍተ ነገር አጭበርባሪ ሊለው አይችልም፤ በሚቀጥለው ማክሰኞ እሱ ሌላ ከተማ ነው። በሦስተኛው ሳምንት «ያ የባቲው ልጅ መጣ» ማለት ይጀምራሉ። በአራተኛው ዱቤ ይጠይቁሃል፤ እዚያ ላይ እንኳ አንተ ራስህ ተጠንቀቅ!

ማክሰኞ ጠዋት የኔ በር ክፍት ነው፣ ውሻም የለኝም። ባለ ረጅም እጀታ መጥረጊያ ካለህ አንድ አስቀርልኝ። ዋጋውን ግን ቀድመህ ንገረኝ፣ እከራከራለሁ።